ጨውና ጀሶ በመረሬ አፈር ላይ፦ አዮኖች የሸክላን ፊት እንዴት እንደሚከቡ በጠርሙስ ማሳየት

ጨውና ጀሶ ድፍርስ የሸክላ ውሃን እንዴት እንደሚያጠሩ የሚያሳየውን ይህን ሙከራ አዳማ ላይ ለሚሠራ መምህር ዋናው ችግር ውሃው ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ የቧንቧውም ካልሲየም አያጣም። በእነሱ ከተጀመረ አዮኑ (ቻርጅ የያዘ አተም ወይም የአተሞች ስብስብ) አስቀድሞ ገብቷልና በጠርሙሶቹ መካከል ልዩነት አይታይም። ከቆርቆሮ የወረደ የክረምት ዝናብ ይሻላል፤ መጀመሪያ የወረደው ጣሪያውን አጥቦ ይፍሰስ። ለባትሪ የሚሸጥ የተጣራ ውሃም ይሆናል፣ ግን አሲዱን እንዳይሰጧችሁ።

አፈሩ ከሞጆ ወገን የሚመጣ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቀው መረሬ ይሁን። በሸክላው ቅንጣት ውስጥ በሲሊኮን ቦታ አሉሚኒየም፣ በአሉሚኒየም ቦታ ማግኒዥየም እየገባ ፊቱ አሉታዊ ቻርጅ ይዞ ይቀራል። ይህን ቻርጅ በተፈጥሮ የሚያቻችለው በአብዛኛው ካልሲየም ስለሆነ መጀመሪያ በሶዲየም መተካት አለበት። 20 ግራም የደቀቀና የተነፋ አፈር፣ 29 ግራም ጨው በሟሟበት ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ በደንብ ናጡት፤ ሲረጋ ላዩን ድፉ። ይህን ሦስት ጊዜ አድርጉ። ከዚያ በዝናብ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። እጥበቱ የሚበቃው ውሃው መጥራት እምቢ ሲል ነው! አንድ ሌሊት አሳድራችሁ ከላይ ያለውን ድፍርስ ብቻ ቀስ ብላችሁ ቅዱ።

በሰባት ባዶ ሃይላንድ በእያንዳንዱ 150 ሚሊ ሊትር ድፍርስ አድርጉ። አንዱ ምንም አይጨመርበትም። ለሦስቱ 5.8 ግራም ጨው በ100 ሚሊ ሊትር ከተበጠበጠው በስሪንጅ 0.4፣ 2 እና 10 ሚሊ ሊትር ስጡ። ለቀሩት ሦስቱ የጀሶ ውሃ 3፣ 13 እና 40 ሚሊ ሊትር። የጀሶው ውሃ የሚዘጋጀው 5 ግራም ጀሶ በ1 ሊትር ተንጦ ካደረ በኋላ የጠራው ተቀድቶ ሲሆን፣ ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ስለሆነ ካልሲየሙ 15 ሚሊሞላር (በሊትር የሞል ሺኛ) ገደማ ነው። ሁሉንም በዝናብ ውሃ 200 ሚሊ ሊትር ሙሉ፣ ገልብጣችሁ ቀላቅሉ፣ ሳትነኩ አሳድሩ።

ጨው የገባባቸው በቅደም ተከተል 2፣ 10 እና 50 ሚሊሞላር ይሆናሉ። በቅንጣቱ ዙሪያ ያለው የአዮን ደመና ውፍረት በ2 ሚሊሞላር 7 ናኖሜትር ገደማ፣ በ50 ደግሞ 1.4 ብቻ ነው። ደመናው ሲቀጥን ቅንጣቶች ተቀራርበው ይጣበቃሉ፣ ይዘቅጣሉ። ካልሲየም ግን ሁለት ቻርጅ ስላለው ለዚሁ ሥራ ከሶዲየሙ አንድ አስረኛ ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል፤ መካከለኛው የጀሶ ጠርሙስ 1 ሚሊሞላር ብቻ ሆኖ የሚጠራው ለዚህ ነው። ከፊቱ አጠገብ ያለው ውሃም ዝም ብሎ አይቀመጥም፦ ሃይድሮጂኑን ወደ ሸክላው አዙሮ ሁለት ሦስት ድርብ ይሠራል፣ አዮኖቹም ብዙውን ጊዜ የራሳቸውን ውሃ እንደለበሱ ይቀርባሉ። ይህ በዓይን አይታይም፤ ተማሪው እንዳየው አድርጋችሁ አትንገሩት።

ምንም ያልገባበት ጠርሙስም ከጠራ ካልሲየሙ አልወጣም፣ እጥበቱን ድገሙ። ጥርት ያለ መስመር ሳይወጣ ጠርሙሱ በሙሉ እንደ ሙቅ ከረጋ ሸክላው በዝቷል፤ በእጥፍ አቅጥኑት።

ሸብ (የአሉሚኒየም ጨው) ለመሞከር የሚፈልግ ለብቻው ይሞክር። አሉሚኒየሙ ከውሃው ጋር ተዋህዶ አሲድነት ያመጣል፣ ሸክላው ላይም ይለጠፋል። ሲበዛ የፊቱን ቻርጅ ወደ አዎንታዊ ስለሚገለብጠው ጠርቶ የነበረው ውሃ መልሶ ሊደፈርስ ይችላል።