ዋልካው ማዳበሪያውን ሲውጠው

በደምቢያ ሜዳ «ማዳበሪያ ጣልን፣ ለውጥ የለም» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ቅጠሉ ነው፤ ያውም የታችኛው።

ምልክት፦ የታችኛው ቅጠል ዳር ዳሩ ተቃጥሎ መሃሉ አረንጓዴ ይቀራል።

ምክንያት፦ የፖታሲየም እጥረት። ዋልካ (ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር) በብዛት የያዘው ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ነው። እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ስስ ንጣፎች አሉት፤ ቻርጃቸው ኔጌቲቭ ስለሆነ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና አሞኒየም ይጣበቁባቸዋል። ስሜክታይት በአንድ ኪሎ ከ80 እስከ 120 ሴንቲሞል (የሚያዘው ቻርጅ መለኪያ) ይይዛል፤ በቀይ አፈር የሚበዛው ሸክላ፣ ካኦሊናይት፣ ግን ከ3 እስከ 15 ብቻ። ይህ ጉዳት የለውም፤ ሥሩ ሃይድሮጂን ሰጥቶ ፖታሲየሙን ይወስዳል። ጉዳቱ ሲታሰር ነው። የንጣፎቹ ገጽ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ፤ ፖታሲየምና አሞኒየም በልካቸው ይገጥማሉ። መሬቱ ደርቆ ሲሰነጠቅ ንጣፎቹ ይገጠሙና ከውስጥ ይዘጋባቸዋል፤ በኋላ የሚለቀቁት በጥቂት በጥቂቱ ነው። ቬርሚኩላይት የሚባል ሌላ የሸክላ ማዕድን ያለበት አፈር ደግሞ ይብሳል።

መፍትሄ፦ ፖታሽ (የፖታሲየም ማዳበሪያ) አይበተን። ከዘሩ 5 ሴንቲሜትር ወደ ጎንና ወደ ታች በመስመር ይቀበር፤ የሚነካው አፈር ባነሰ ቁጥር የሚታሰረው ያንሳል። ማሳው ሳይደርቅ ይሰጥ። መጠኑን የአፈር ምርመራ ይወስን፤ ናሙናው ሲደርቅ ግን የፖታሲየሙ ውጤት ከማሳው ሊለይ ይችላል፤ ቅጠሉንም ማየት ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ውሃ ተኝቶ ከሰነበተ በኋላ የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ይሆናል።

ምክንያት፦ የናይትሮጂን እጥረት። እዚህ ሸክላው ይታማል እንጂ በደለኛ አይደለም። ናይትሬት (ተክሉ የሚወስደው አንዱ የናይትሮጂን ዓይነት) ራሱ ኔጌቲቭ ስለሆነ አይያዝም፤ አየር ባጣ ጭቃ ባክቴሪያዎች ወደ ጋዝ ለውጠውት ይተናል።

መፍትሄ፦ ውሃው እንዲወርድ 80 ሴንቲሜትር መደብ፣ 40 ሴንቲሜትር ቦይ። ዩሪያው ሲሶው ሲዘራ፣ ቀሪው አረም ከታረመ በኋላ ይሰጥ፤ በቆመ ውሃ ላይ በፍጹም። አፈር ካልተመለሰበት አሞኒያ ሆኖ ይበናል።

ምልክት፦ በቀይ አፈር ላይ ቡቃያው ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ ወይን ጠጅ ይላል።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ፎስፈረሱን የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ይዞታል። ኤን.ፒ.ኤስ. (ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) በመስመር ይሰጥ፤ ፒኤች (የአፈር አሲድነት መለኪያ) ከ5.5 በታች ከሆነ ኖራ ይጨመር። ዋልካ ላይ ኖራ መድፋት ግን ወጪ ብቻ ነው።

ሸክላው ፖዘቲቭ ነገር መያዙን በዓይን ለማየት፦ በግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ሁለት ማንኪያ የደቀቀ ዋልካ፣ ውሃና 10 ጠብታ ጄንሺያን ቫዮሌት (ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት) ጨምሮ መናጥና ማሳደር። ቀለሙ ፖዘቲቭ ነው፤ ጠዋት ውሃው ጠርቶ፣ የዘቀጠው ጭቃ ሐምራዊ ሆኖ ይገኛል። ጓንት ይደረግ፤ ጣትም ላይ ቶሎ አይለቅም።