ትሪሎባይት ፍለጋ ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮች፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መላው

ትሪሎባይት ከ521 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ብቅ ብሎ ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጨርሶ የጠፋ የባሕር እንስሳ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተራ ሰው ሄዶ ቅሪተ አካሉን ለቅሞ ወደ ቤቱ ሊወስድ የሚችልባቸው ቦታዎች አሉ። እዚህ የተነሱት ችግሮች በሦስቱ ላይ በብዛት ይታያሉ፦ ዩታ ውስጥ ከዴልታ ከተማ በስተምዕራብ ያለው የዊለር ሼል (ሼል ከጭቃ የተፈጠረ፣ በንብርብር የሚከፈል ድንጋይ ነው)፣ ኦሃዮ ውስጥ ሲዛር ክሪክ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ቡፋሎ አጠገብ ያለው ፔን ዲክሲ።

ቀኑን ሙሉ ተፈልጎ አንድም አልተገኘም

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የድንጋዩ ዕድሜ ነው። ከ252 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ በተፈጠረ ድንጋይ ውስጥ ትሪሎባይት የለም፤ ዓይንም መዶሻም አይረዳም። አገር ቤት ለእረፍት ሄዶ መቀሌ አካባቢ ወይም ዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ የሚያገላብጥ ሰው የሚያየው ቀንድ አውጣ የመሰለ ጥምዝ አሞናይትና ዛጎል ነው፤ ያ ድንጋይ የጁራሲክ ዘመን ነውና ትሪሎባይት ከጠፋ ብዙ ቆይቶ የተፈጠረ ነው። (ደግሞም ኢትዮጵያ ውስጥ ቅሪተ አካል በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው። አንስቶ ሻንጣ ውስጥ መክተት የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ሳይሆን ወንጀል ነው።) ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የግዛቱን የጂኦሎጂ ካርታ ከፍታችሁ የምትሄዱበትን ድንጋይ ስምና ዘመን አረጋግጡ። ዊለር ወደ 505 ሚሊዮን፣ ሲዛር ክሪክ ወደ 450 ሚሊዮን፣ ፔን ዲክሲ ወደ 380 ሚሊዮን ዓመት ነው።

ዘመኑ ልክ ሆኖ ካልተገኘ ችግሩ አፈላለጉ ላይ ነው። ሲዛር ክሪክ መሣሪያ ክልክል ስለሆነ ሥራው የዓይን ብቻ ነው። ብዙ ሰው ቀጥ ብሎ እየተራመደ ወደ ታች ያያል፤ በዚያ ከፍታ እዚያ የሚገኘው ፍሌክሲካሊሜኔ የሚባል ትሪሎባይት ተጠቅልሎ ከደረቀ ከጠጠር አይለይም። ተንበርከኩ። ስፋቱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ ምረጡና ሳትነሱ ጨርሱት። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥላው ስለሚረዝም የትሪሎባይቱ ጀርባ መስመሮች ጎልተው ይታያሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይመስላል። ከዝናብ ማግስት መሄድ ደግሞ ጭቃው ታጥቦ ስለሚቆይ ግማሹን ሥራ ያቀላል። የምትፈልጉት ሽንብራ የሚያህል ድቡልቡል ነገር ነው፤ ወገቡ ላይ ተመሳሳይ ርቀት ያላቸው ሽንትሮች ካሉት አንሱት። ሽንትሮቹ ከአንድ ነጥብ እንደ ማራገቢያ የሚበተኑ ከሆነ ግን ብራኪዮፖድ የሚባለው ዛጎል ነው፤ እዚያ እንደ አሸዋ የበዛ ነው።

ዊለር ላይ ሌላ ዘዴ አለ፤ ቀደም ብለው የቆፈሩ ሰዎች የጣሉትን ክምር ፈትሹ። እዚያ ያለው ኤልራቲያ ኪንጊ የሚባል ትሪሎባይት ከሆዱ በኩል ካልሳይት የሚባል ማዕድን ወፍራም ሽፋን ስለበቀለበት ከዙሪያው ሼል የጠነከረ ነው፤ ድንጋዩ በዝናብና በበረዶ ሲፈራርስ እሱ ሙሉውን ተላቆ መሬት ላይ ይቀራል።

ድንጋዩ ይደቅቃል እንጂ አይከፈልም

ይህ የጀማሪ ዋና በሽታ ነው። ምክንያቱ ድንጋዩን ከላይ፣ ሰፊው ፊቱ ላይ መምታት ነው። ትሪሎባይቱ የባሕር ወለል ጭቃ ላይ ተጋድሞ ስለተቀበረ ከንብርብሩ ጋር ትይዩ ነው የሚተኛው፤ ከላይ የመጣ ምት ንብርብሩንም እንስሳውንም አብሮ ይሰብራል።

መላው እንዲህ ነው። ድንጋዩን በጠርዙ አቁሙት፤ ጎኑ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ መሮ ስለቱን በአንዱ መስመር ላይ አሳርፉ። በ600 ግራም መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱ፣ መሮውን ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን አዙሩ፣ ድገሙ። ዙሪያውን ሳትጨርሱ በአንድ ቦታ ላይ አትበርቱ። ድምፁን ስሙ፤ ጠንካራ ቅጭልታው ወደ ደፈነ ድምፅ ሲለወጥ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ያኔ መሮውን ጠምዘዝ ማድረግ ይበቃል። እምቢ ያለውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጡትና ሌላ ጀምሩ። ሲመለሱ ብዙ ጊዜ ራሱ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አውጥቶ ይጠብቃል።

የአናጢ መዶሻ አትጠቀሙ። ጫፉ ድንጋይ ላይ ሲፈነጠር ስባሪ ብረት ይወረውራል። መነጽር ለሚመታው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ለተቀመጠው ልጅም ያስፈልጋል።

የሚገኘው ቁራጭ ብቻ ነው፤ ጅራት ወይም ጉንጭ የሌለው ራስ

እናንተ አልሰበራችሁትም። ትሪሎባይት ሲያድግ ቅርፊቱን እያወለቀ ይጥል ነበር፤ አንድ እንስሳ በሕይወቱ ብዙ ቅርፊት ትቶ ያልፋል። ሲያወልቅ ራሱ ላይ ባለው ስፌት ስለሚላቀቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ጉንጩ ነው። ስለዚህ ደረትና ጅራቱ ተያይዘው ሁለቱ ጉንጮች ከሌሉ በአብዛኛው የተጣለ ልብስ ነው እንጂ ሬሳ አይደለም። አንድ ንብርብር ሰዓት ሙሉ ቁርጥራጭ ብቻ ከሰጠ ትታችሁ ግማሽ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ በሉ። ሙሉ ሙሉው የሚገኘው በድንገት የመጣ ጭቃ በሕይወት እያሉ በቀበራቸው ንብርብር ውስጥ ነው። ፔን ዲክሲ ላይ ኤልድሬጂዮፕስ ራና የሚባሉት ትሪሎባይቶች ተሰብስበው የሚገኙበት እንዲህ ያለው ንብርብር ነው።

መሮው መሃል ለመሃል ከፈለው

አትደንግጡ፤ የሚያድነው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ጥንቃቄ ነው። ሁለቱን ግማሾች አንዱንም ሳትጥሉ፣ ሳትጠርጉ፣ ጣት ሳታስነኩ ለዩ። ፊቱ ላይ የተበተነ ስባሪ ካለ በለስላሳ ብሩሽ ሶፍት ላይ ሰብስቡት። ቤት ስትገቡ ሁለቱንም አድርቃችሁ አንዱ ፊት ላይ ቀጭን ሱፐር ግሉ ጠብታ ጠብታ አድርጋችሁ እንደ ነበረ ግጠሙና ለአንድ ቀን ተጭኖ ይደር። ከዚያ ከላይኛው በኩል ድንጋዩን በመርፌ እየቀነሳችሁ ውረዱ። ሥራው አድካሚ ቢሆንም በዚህ የዳነ ትሪሎባይት ስንጥቁ ከአንድ ቀጭን መስመር በላይ አይታይም።

ጽዳት ላይ ፊቱ ጠፋ

በመዶሻ ከሚጠፋው ይልቅ ማጠቢያ ገንዳ ላይ የሚጠፋው ይበዛል ብንል ማጋነን አይሆንም። ዋናው ጥፋተኛ ኮምጣጤ ነው። የትሪሎባይት ቅርፊት ካልሳይት ነው፤ ካልሳይት በኮምጣጤ አረፋ እያወጣ ይሟሟል። ድንጋዩን እንዲያነሳ የተቀባው አሲድ መጀመሪያ የሚበላው እንስሳውን ነው። የሽቦ ብሩሽም ዓይኑንና የጀርባውን ጥቃቅን ጉብታዎች ጠርቦ ይወስዳል።

የጠፋ ቅርፊት አይመለስም። ለቀጣዩ የሚያስፈልጋችሁ 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ፣ እጀታ ያለው የብረት መርፌና የጥርስ ብሩሽ ነው። መርፌውን ከእንስሳው ወደ ውጭ ግፉ እንጂ ወደ እሱ አትግፉ። የመጨረሻዋን አንድ ሚሊ ሜትር አትፋቁ፤ ከጎኗ ሸርተት አድርጋችሁ ጫን በሉ፤ ብዙ ጊዜ ራሷ ተላቅቃ ትነሳለች። ቅርፊቱና ድንጋዩ አንድ ዓይነት ቀለም ከሆኑ በውሃ በረጠበ ብሩሽ አንድ ጊዜ አብሱ፤ ልዩነቱ ለጥቂት ሰከንድ ይወጣል። በጭራሽ የማይላቀቅ ከሆነ ግን መቧጠጡን አቁሙ። በቤኪንግ ሶዳ ብናኝ የሚያጸዳ መሣሪያ ላለው ሰው መስጠት ይሻላል፤ ሶዳው ከካልሳይት የለሰለሰ ነውና። መርፌም ሆነ ብናኝ ስትጠቀሙ ኤን95 ጭምብል አድርጉ፤ የሼል አቧራ ሳንባ ላይ የሚቀር ሲሊካ አለው።

ቤት ደርሶ ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ

ሸክላ የበዛበት ድንጋይ እርጥብ እያለ ወጥቶ ማሞቂያ አጠገብ ወይም መኪና መስኮት ላይ ሲቀመጥ ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ይኮማተራል። በጥላ፣ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ፣ ጥቂት ቀዳዳ በተበሳ ፌስታል ውስጥ ለአንድ ወይም ሁለት ሳምንት አድርቁ። ከዚያም ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባለውን ድንጋይ የሚያጠነክር ሙጫ ፍሬ 5 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር አሴቶን ውስጥ፣ ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ አሳድራችሁ አሟሙና በብሩሽ አጠጡት። መስኮት ይከፈት፣ ምድጃ ይጥፋ።

ከተቀባ በኋላ ነጭ ደመና ካወጣ ድንጋዩ ገና እርጥብ ነበር። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ንጹሕ አሴቶን ስታሹበት ይጠፋል። እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ደግሞ አብዝታችኋል፤ መፍትሄው ያው አሴቶን ነው። የጥፍር ቀለምና የእንጨት ቫርኒሽ ግን ዓመት ሳይቆዩ ሊበጫጩ ስለሚችሉ አይመከሩም።

ጠባቂ አስቆማችሁ

ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሲዛር ክሪክ ከጎብኚዎች ማዕከሉ ነጻ ፈቃድ ይወሰዳል፤ ድንጋይ በድንጋይ መስበር እንኳ ክልክል ነው፣ ከመዳፍ የሚበልጥ ቅሪተ አካልም አይወሰድም። በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ሥር ባለ ክፍት መሬት ላይ ለግል የሚሆን መጠነኛ ትሪሎባይት ያለ ፈቃድ ይለቀማል፤ መሸጥ ግን አይቻልም፣ አጥንት ካያችሁም አትንኩ። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጠጠርም አይነሳም። የግል መሬት ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ዊለር ላይ ለጀማሪ የሚቀለው ክፍያ የሚቀበለው ካባ ነው፤ መዶሻም ይሰጣሉ፣ የድንበር ጭንቀትም የለም። ውሃ ግን ለአንድ ሰው ቢያንስ 4 ሊትር ይዛችሁ ሂዱ፤ መንገዱ ላይ ሱቅ የለም።

ከወራት በኋላ ቢጫ ወይም ነጭ ዱቄት አበቀለ፣ የድኝ ሽታ አለው

ውስጡ ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን አለ። ፓይራይት እርጥበትና አየር ሲያገኝ ወደ አሲድና ጨው ይለወጣል፤ ጨው ሲያብጥ ድንጋዩን ይፈነክታል፣ አሲዱም የጻፋችሁትን ወረቀትና ሣጥኑን ይበላል። በውሃ አትጠቡት፤ ይብሳል። ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፣ ከሌሎቹ ለዩትና እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት ጥብቅ ክዳን ዕቃ ውስጥ አኑሩት። የጄሉ ቀለም ሲለወጥ ቀይሩለት። የተገኘበትን ቦታ፣ ንብርብሩንና ቀኑን የያዘውን ወረቀት ደግሞ ከድንጋዩ ጋር ሳይሆን በተለየ ትንሽ ፌስታል ውስጥ፣ በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ ጽፋችሁ አስቀምጡ።