የሆስፒታላችን ሠራተኛ ማኅበር በመጨረሻ እንዴት ተመዘገበ

ሁለት ጊዜ የተመለሰብን ማመልከቻ በሦስተኛው አለፈ። እዚያው ላይ የተያዛችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

የምንሠራው በግል ሆስፒታል ነው። (የመንግሥት ከሆናችሁ ነገሩ ሌላ ነው፤ የምትተዳደሩት በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው።) አስተዳደሩ «ሆስፒታል ለሕዝብ አስፈላጊ አገልግሎት ስለሆነ ማኅበር አይቋቋምበትም» የሚል ደብዳቤ ለጠፈ፤ ሰው ደነገጠ፣ ሁለት ነርሶች ፊርማችንን ሰርዙልን ብለው መጡ። እኔ ቁጭ ብዬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን አነበብኩ። ሆስፒታል ላይ የተከለከለው የሥራ ማቆም አድማ ነው። መደራጀት አይደለም! 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። አንቀጹን በማርከር አስምሬ ከማመልከቻው ጋር አያያዝኩት።

ሌላው ስህተት ግን የራሳችን ነበር። ሊቀመንበር አድርገን የመረጥናት እህታችን የክፍል ኃላፊ ናት፣ ትቀጥራለች፣ ትቀጣለች፤ ሕጉ «የሥራ መሪ» ስለሚላት አዋጁ አይመለከታትም። ቦታውን ራሷ ለቀቀችልን። ከላብራቶሪ ሌላ ሰው መርጠን ቃለ ጉባኤውን እንደገና ፈረምን። መተዳደሪያ ደንባችንም ማኅበሩ ቢፈርስ ንብረቱ ምን እንደሚሆን አይናገርም ነበር፣ ጨመርንበት።

ስታስገቡ ግልባጩ ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካልተሰጣችሁ ማኅበሩ እንደተመዘገበ ስለሚቆጠር ያቺ ቀን ትልቅ ነገር ናት። የእኛ የምስክር ወረቀት በ11ኛው ቀን ወጣ፤ የሌሊት ተረኞቹ ሲያዩት እልል አሉ።