በትንሽ ጉልበት ብዙ መሮጥ እንዴት ይቻላል? ከእግር አጣጣላችን እንጀምር

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ቁሙና ዓይናችሁን ጨፍኑ። የአንዱ ሯጭ ጫማ ጧ፣ ጧ እያለ ከሩቅ ይሰማል። ሌላው ግን አጠገባችሁ ደርሶ እስኪያልፍ ኮቴው አይታወቅም። የሁለቱም አቅም እኩል ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ እግራቸው መሬት የሚነካበት ቦታ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደፊት የምንሄደው መሬቱን ወደ ኋላ ስለምንገፋው ነው። እኛ ስንገፋው እሱም በእኩል ኃይል መልሶ ይገፋናል፤ ትምህርት ቤት የተማርነው የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ይኸው ነው። ታዲያ እግራችንን ከሰውነታችን በጣም አስቀድመን ስንጥለው ምን ይሆናል? ለቅጽበት መሬቱን የምንገፋው ወደፊት ነው። መሬቱም ወደ ኋላ ይመልሰናል። ይህ ፍሬን ነው። በየእርምጃው ፍሬን እየያዝን፣ መልሰን ነዳጅ እየሰጠን እንሮጣለን ማለት ነው።

እኔ ልጅ ሆኜ «እግርህን ወርውር!» እየተባልኩ ነው መሮጥ የለመድኩት። ጉልበቴን ካመመኝ በኋላ ነው ነገሩን መመርመር የጀመርኩት። ረጅም እርምጃ በራሱ ጥፋት የለበትም። ርዝመቱ መምጣት ያለበት ግን ከኋላ በደንብ ከመግፋት ነው።

1. ራሳችሁን ቅረጹ

ስልክ የሚይዝላችሁ ሰው ፈልጉ። ከጎናችሁ ቆሞ፣ ስልኩን በወገብ ከፍታ ይዞ፣ በስሎው ሞሽን ይቅረጻችሁ። ስታልፉ 10 ሴኮንድ ይበቃል። ከዚያ ቪዲዮውን እግራችሁ መሬት የነካበት ቅጽበት ላይ አቁሙት። ከጉልበታችሁ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ መስመር አስቡ። ቁርጭምጭሚታችሁ መስመሩ ላይ ወይም አጠገቡ ከሆነ ደህና ነው። ጉልበታችሁ ቀጥ ብሎ፣ እግራችሁ ከመስመሩ ርቆ ወደፊት ከወጣ ግን ፍሬን እየያዛችሁ ነው።

2. እርምጃችሁን ቁጠሩ

በምትለምዱት ፍጥነት እየሮጣችሁ ቀኝ እግራችሁ በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚረግጥ ቁጠሩ። የሁለቱም እግር በአንድ ደቂቃ እንዲሆን በ4 አባዙት። ለምሳሌ 40 ከሆነ በደቂቃ 160 ማለት ነው። ፍጥነታችሁን ሳትጨምሩ ወደ 168 ከፍ አድርጉት። 5 በመቶ ብቻ ነው፤ እርምጃው ግን ያጥራል፣ እግሩም ወደ ሰውነት ጠጋ ይላል። «180 መሆን አለበት» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ይህ በታላላቅ ሯጮች ላይ በውድድር ፍጥነት የታየ ቁጥር ነው። ቁመትና ፍጥነት ስለሚለውጠው አታሳድዱት።

3. አወራረዳችሁን አለስልሱ

ስንሮጥ በየእርምጃው መሬት የሚመልስብን ኃይል የክብደታችንን ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ140 እስከ 210 ኪሎ በአንድ እግሩ ይሸከማል ማለት ነው። አንድ ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ የሚሮጥ ከሆነና በደቂቃ 160 ከረገጠ፣ ይህን 960 ጊዜ ይደጋግመዋል። የተወረወረ እንቁላል ስትቀልቡ እጃችሁን ወደ ታች ታሸሻላችሁ አይደል? እንቁላሉ ቀስ ብሎ ስለሚቆም አይሰበርም። ጉልበታችሁም ስትወርዱ በትንሹ ታጥፎ ይቀበላችሁ።

4. እግርና ክንድ ሲታጠፉ

ረጅም እጀታ ያለው መወልወያ አንሱ። ጫፉን ይዛችሁ አወዛውዙት። ከዚያ መሃሉን ይዛችሁ ድገሙት። ክብደቱ ያው ነው፤ ሁለተኛው ግን ቀልሎ ይዞራል። ክብደት ከሚዞርበት ቦታ በራቀ ቁጥር ማዞሩ ይከብዳል። እግራችንም ከዳሌ ጀምሮ የሚወዛወዝ መወልወያ ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ሲጨርስ አንዱን ዙር በአማካይ በ63 ሴኮንድ ነበር የሚዞረው። ሲፈተለክ ተረከዙን ተመልከቱ፤ መቀመጫው ጋ ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል። የታጠፈ እግር ቶሎ ወደፊት ይመለሳል። በዝግታ ስትሮጡ ግን ተረከዛችሁን በግድ አታንሱ፤ ፍጥነት ሲመጣ ራሱ ይነሳል።

ክንድም እንዲሁ ነው። ክርናችሁን አጠፍ አድርጉት። ክንድ የሚወዛወዘው እግር ሰውነትን ሲያዞር ለማመጣጠን ነው። እጃችሁን ኋላ አጣምራችሁ 20 ሜትር ብትሮጡ ትከሻችሁ ግራ ቀኝ ሲጠማዘዝ ይታወቃችኋል።

5. ዳገትና ቁልቁለት

ዳገት ላይ እርምጃ ማሳጠር ነው፣ ሌላ ብልሃት የለውም። ቁልቁለቱ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከእንጦጦ ስንወርድ ፍርሃት ወደ ኋላ ያስተኛናል። ወደ ኋላ ስንተኛ እግራችን ይቀድመናል፣ ፍሬኑም ይበረታል። በማግስቱ የፊት ጭናችን ደረጃ አላስወርድ የሚለው ለዚህ ነው። ከወገብ ሳትጎብጡ፣ ከቁርጭምጭሚት ጀምራችሁ መላ ሰውነታችሁን ጥቂት ወደፊት አዘንብሉ። እርምጃችሁን አጭርና ፈጣን አድርጉት።

ንፋስ ሲኖር ሰው ኋላ ተጠግታችሁ ሩጡ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የአየሩ ግፊት 4 እጥፍ ይሆናል። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ግፊቱም ይቀንሳል። በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ኦሎምፒክ፣ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አሜሪካዊው ርዝመት ዘላይ ቦብ ቢሞን 8.90 ሜትር ሲዘል የሳሳው አየር ረድቶታል። ያው አየር ግን ኦክስጅኑ ስለሚያንስ የረጅም ርቀት ሯጮችን አስጨንቋል። ማራቶኑን ያሸነፈው የደጋው ሰው ማሞ ወልዴ ነው።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን አትሞክሩ። በመጀመሪያ እርምጃ ቆጠራውን ብቻ ያዙ፣ በየሩጫው 5 ደቂቃ። ባታችሁ ጫናውን ስለሚረከብ በመጀመሪያው ሳምንት ይዝላል፤ ይህ ያለ ነው። ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ጠዋት ስትነሱ ካመማችሁ ግን ቀንሱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ጫማ፣ እንደገና ተቀረጹና ሁለቱን ቪዲዮዎች ጎን ለጎን እዩ።