ለዓመታት የቆመን ሆንዳ ሲጂ 125 በቤት ጋራዥ ማደስ

አሮጌ ሞተር ብስክሌት ለማደስ የተነሣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ዝገቱና ቀለሙ ላይ ነው። ሥራው መጀመር ያለበት ግን ከሞተሩ ውስጥ ነው፤ ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ሞተር ማውረድና መመለስ አዲሱን ቀለም መቧጨር ነውና። እዚህ በምሳሌነት የማነሣው እ.ኤ.አ. በ1976 መመረት የጀመረውን ሆንዳ ሲጂ 125፣ በተለይም ባለ 6 ቮልትና ባለ ፑንቲና (የማቀጣጠያውን ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ መገናኛ) የሆኑትን የመጀመሪያ ስሪቶቹን ነው። ሆንዳ ይህን ሞተር የነደፈው ዘይት በወቅቱ የማይቀየርባቸውን ሀገሮች አስቦ ስለነበር፣ ካሙ (የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት የሚመራው ክፍል) በካቴና ሳይሆን በጥርስ ይዞራል፤ ቫልቮቹንም የሚገፉት ዘንጎች ናቸው። ለቤት ውስጥ ጥገና እንዲህ የተመቸ ሞተር ጥቂት ነው። ብዙ ቻይና ሠራሽ ሞተሮች ከዚሁ ንድፍ የተቀዱ በመሆናቸውም መለዋወጫ ብዙ አያስቸግርም፤ ሆኖም ዋናው ዕቃ ከተረፈ አድሶ መልሶ መግጠም ከአዲስ ቅጂ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

አንድም ብሎን ከመፍታትዎ በፊት እያንዳንዱን ጎን፣ በተለይም የሽቦዎቹንና የኬብሎቹን አካሄድ፣ ፎቶግራፍ ያንሡ። የሚፈቱትን ብሎንና ዳዶ ከየት እንደወጣ ጽፈው በየጣሳው ይለያዩ። የቆየውን ቤንዚን በር ተከፍቶ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ያፍስሱ።

ኪኩ (በእግር ተረግጦ ሞተሩን የሚያስነሣው) አልረገጥ ካለ ብዙ ጊዜ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል ማለት ነው፤ ብዙ ሞተር የሚበላሸውም በዚህ ጊዜ በሚታየው ትዕግሥት ማጣት ነው። ካንዴላውን ያውጡና እኩል የተቀላቀለ ላምባና ቀጭን ዘይት ጥቂት ያፍስሱበት፤ ሦስት አራት ቀንም ይተዉት፣ በየቀኑም ይጨምሩለት። ከዚያ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብተው የኋላውን ጎማ በእጅዎ ወደፊትና ወደኋላ በቀስታ ያወዛውዙ። መጀመሪያ የፀጉር ስፋት ያህል ይላወሳል፤ ቀጥሎ በድንገት ይለቃል። በመዶሻ የተመታ ፒስተን ግን ይሰነጠቃል። ከለቀቀ በኋላ ቴስታታውን፣ ማለትም የሲሊንደሩን ክዳን፣ እና ሲሊንደሩን አውጥተው ግድግዳውን በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ሬቲፊካ (ሲሊንደር የሚያሰፋ ማሽን ቤት) ወስዶ ማስፋትና በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን ከነፋሻው (ከነቀለበቶቹ) መግጠም ያስፈልጋል። ሬቲፊካው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አዲሱ ፒስተን እጁ ላይ መኖር አለበት፤ ልኩ የሚወሰደው ከእሱ ነውና።

ብዙ ሰው ሳይከፍተው የሚያልፈው የዘይት ማጣሪያውን ነው። ይህ ሞተር የወረቀት ማጣሪያ የለውም፤ በቀኝ በኩል፣ ከፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ ከሚያገናኘውና ከሚለየው ክፍል) አጠገብ፣ በክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ በሚያዞረው ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ የሚሽከረከር ክብ ዕቃ አለው፤ ቆሻሻው በሽክርክሪቱ ኃይል ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የቀኙን ሽፋን አውርደው ሦስቱን ብሎኖች ሲፈቱ፣ እንደ ደረቀ ጭቃ የጠነከረ ጥቁር ዝቃጭ ያገኛሉ። እኔ ከከፈትኩት አንዱ ውስጥ የነበረው በካቻቢቴ ጫፍ ተፈቅፍቆ እንጂ በቤንዚን ብቻ አልለቀቀም። ይህ ሳይጸዳ አዲስ ዘይት መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው። ሽፋኑ ሲመለስ ጋርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) አዲስ ይሁን።

ነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጡ ከዛገ፣ ቧንቧውን ፈትተው ቀዳዳውን ይድፈኑና ነጭ አቼቶ ሞልተው አንድ ወይም ሁለት ቀን ያቆዩት፤ ቁራጭ ካቴና አስገብቶ መወዝወዝ ዝገቱን ያራግፋል፤ ካቴናውን መልሶ ማውጣት ግን አይረሳ። አቼቶውን ካፈሰሱ በኋላ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ይጠቡት፤ ፈጥነው ያድርቁትና ጥቂት ዘይት ውስጡን ያልብሱት፣ ካልሆነ በሰዓታት ውስጥ እንደገና ይዝጋል። የካርቡሬተሩን የነሐስ ቀዳዳዎች በብረት ሽቦ አይጎርጉሩ፤ በናይለን ክርና በአየር ያጽዱ።

የቫልቮቹና የፑንቲናው ማስተካከያ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው የሚሠራው። ፒስተኑ በመጭመቂያው ዙር ላይ ሆኖ የፍላይዊሉ (ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) «ቲ» ምልክት ከጠቋሚው ጋር ሲገጥም፣ የሁለቱም ቫልቮች ክፍተት 0.08 ሚሊ ሜትር ይሁን። ፑንቲናው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4፣ የካንዴላው ደግሞ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ፑንቲናው መከፈት የሚጀምረው በ«ኤፍ» ምልክት ላይ መሆን አለበት።

የፍሬኑን ከበሮ ሲከፍቱ አቧራውን በአየር አይንፉ፤ የቆዩ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ጎማና ካላማዳሪያ፣ መልካቸው ደኅና ቢመስልም፣ በዕድሜ ስለሚደርቁ አዲስ ይገጠሙ። ቀለም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አውርዶ፣ አንቲረስት ቀብቶ፣ ስስ ስስ አድርጎ መደራረብ ይበቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከማስነሣትዎ በፊት ካንዴላውን አውጥተው ኪኩን ደጋግመው ይርገጡ፤ ዘይት ወደ ላይ ይደርሳል። ከተነሣ በኋላ ሳያስጮኹ ጥቂት ደቂቃ ያሙቁት፤ ሲሊንደሩ ከተሠራ ደግሞ የመጀመሪያውን ዘይት ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ይቀይሩትና በሚፈሰው ዘይት ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ መኖሩን በፀሐይ ብርሃን ይመልከቱ።