አቡ ናፍሃ መንጠቆ ላይ ሲወጣ ምን ታደርጋላችሁ?

እስራኤል ውስጥ አሽዶድና አሽቀሎን ባሕር ዳር ለምታጠምዱ፦ የወጣው ዓሣ ሆዱን እንደ ፊኛ ከነፋ ጣታችሁን ወደ አፉ እንዳታስጠጉ፣ ጥርሱ ይቆርጣል። እዚያ አቡ ናፍሃ የሚሉት መርዘኛ ዓሣ ነው። በስዊዝ ካናል በኩል ከቀይ ባሕር ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ቱርክ ጠረፍ ከታየ ወዲህ ሜዲትራኒያንን እያዳረሰ ነው። ቅርፊት የለውም፣ ጀርባው ነጠብጣብ ነው፣ ጎኑ ላይ ብርማ መስመር አለው።

እባካችሁ አትብሉት! ብትጠብሱትም ብትቀቅሉትም መርዙ አይጠፋም፣ ማርከሻም የለውም። «ጉበቱን ካወጣን ሥጋው ምንም አይል» የሚላችሁን አትስሙ፣ ሥጋውም ሊገድል ይችላል። ለድመትም አትስጡ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ክተቱት። የበላ ሰው ከንፈሩና ምላሱ ከደነዘዘው፣ ካስታወከው ወይም መተንፈስ ካቃተው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ አምቡላንስ 101 ደውሉ፣ ምን እንደበላም ንገሯቸው።