የቆየ ካሴት ማዳን ለወጣቶች እንዴት ማስተማር ይቻላል

በየቤቱ ቁምሳጥን ላይ የተረሳ ካርቶን አይጠፋም፤ የሠርግ ካሴት፣ የአያት ሽለላ፣ ውጭ ላለ ዘመድ በደብዳቤ ፋንታ የተላከ ድምፅ። ይህን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ለሰፈራችን ወጣቶች ሳስተምር ያየሁት፣ ፕሮግራሙን በግማሽ ቀን ይይዙታል። እጅና ጆሮ ግን ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ሥልጠናውን ከዚያ ጀምሩ።

ደህና ዴክ (ካሴት ማጫወቻ) ፈልጉ፤ ምናለሽ ተራም ቢሆን ታግሶ ለሚፈልግ ይገኛል። በዩኤስቢ የሚሰካውን ርካሽ ማጫወቻ ግን ተዉት። ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ ዘፋኙን ሁሉ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ያስመስለዋል።

1. ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ የማይፈለግ ካሴት ስጡና የላላውን ክር በቢክ እስክሪብቶ ያጠንጥን። ከጀርባ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች ካልተሰበሩ ይስበራቸው፤ በስህተት እንዳይቀዳበት። ነጭ ሻጋታ ያለበት ካሴት ለብቻው ይቀመጥ፣ ዴኩ ውስጥ ከገባ ለሌሎቹም ይተርፋል።

2. ሄዱን፣ ማለትም ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን የዴኩን ክፍል፣ በጥጥና በንጹሕ አልኮል ጥረጉ። አረቄ አይሆንም፤ የጠየቀኝ ሰው ስላለ ነው የምጽፈው።

3. ሄዱን ከካሴቱ ጋር ማስማማት። ሥልጠናው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሄድ በክሩ ላይ በ90 ዲግሪ መቆም አለበት። ቤት ውስጥ የተቀዳ ካሴት ግን ምናልባት ሄዱ ትንሽ ባዘመመ ቴፕ የተቀዳ ነው። ያን ጊዜ የእናንተ ዴክ ቀጥ ማለቱ አይጠቅምም፤ እንደ ካሴቱ መዝመም አለበት። ካልዘመመ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ‹ሰ›፣ ‹ሸ›፣ ‹ጸ› ይደበዝዛሉ፣ የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ አይሰማም፣ ተናጋሪው ጋቢ ተከናንቦ የሚያወራ ይመስላል። ሰው ደግሞ «ካሴቱ አርጅቶ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

እኔም አልፌዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አርባ የሚሆኑ ካሴቶች ሄዱን የሚያዘምመውን ብሎን ሳልነካ ገለበጥኩ፣ ሹሹታውን በፕሮግራም አጸዳሁ፣ በኤምፒስሪ አስቀምጬ ለባለቤቶቹ መለስኩ። ብሎኑን ኋላ ላይ ስማር የአንድ ቤተሰብ አያት የተቀዱበትን ልድገመው ብዬ ስደውል «ኮምፒውተር ገባ ብለኸን የለ? ጣልነው እኮ» አሉኝ። በእጄ የቀረው ያ የደበዘዘ ፋይል ብቻ ነው።

አሠራሩ ይኸውና። በሄዱ ግራና ቀኝ ሁለት ብሎኖች አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚዞረው ከሥሩ ሞላ ያለው ነው። ካሴቱን አጫውቱ፣ ግራና ቀኙን ድምፅ አንድ አድርጋችሁ በሞኖ አዳምጡ። ማግኔት በሌለው ትንሽ ካቻቪቴ ብሎኑን በጣም በትንሹ አዙሩ። ድምፁ እየጠራ ሄዶ እንደገና ሲደበዝዝ አልፋችሁታል ማለት ነው፤ ወደጠራበት መልሱት። ለእያንዳንዱ ካሴት ይደገማል፣ ካሴቱ ወደ ሁለተኛው ገጽ ሲዞርም እንደዚያው። እኔ ሆን ብዬ አበላሸውና ሠልጣኙ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያገኘው አደርጋለሁ። ስክሪን ላይ የሚያፈጥ ሁሌም ይዘገያል።

4. በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎኸርዝ፣ በዌቭ (ድምፁን በማይጨምቅ የፋይል ዓይነት) ቅዱ። አንድ ሰዓት ስቴሪዮ ወደ 2 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ሃርድ ዲስክ ላይ አትቆጥቡ። ከፍተኛው ድምፅ ከ-6 ዴሲቤል አይለፍ። ዶልቢ የሚባለው የዴኩ ሹሹታ መቀነሻ የሚበራው ካሴቱ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው። ማጽዳት ከፈለጋችሁ ቅጂውን አጽዱ፣ ዋናውን ፋይል ማንም አይነካውም። የ90 ደቂቃ ካሴት 90 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም፣ ሠልጣኙም እያዳመጠ ይቀመጥ።

5. ሽፋኑን ፎቶ አንሱ፣ የተጻፈውንም ሳታርሙ ገልብጡ። «1977» የሚል ካሴት ከአዲስ አበባ ከሆነ ዓመተ ምሕረት፣ ከዋሽንግተን የተላከ ከሆነ የፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። ባለቤቱን ጠይቁ፤ ካላወቀ ቁጥሩ እንዳለ ይቀመጥ። በካሴት የተላከ መልእክት ብዙ ጊዜ የቤት ገመና ስላለበት ያለ ፈቃድ ለሌላ አይሰማም።

6. ሦስት ቅጂ ይኑር፣ አንዱ ሌላ ቤት። ካሴቱን ስትመልሱ ባለቤቱ ፊት የፋይሉን አምስት ደቂቃ አጫውቱ፣ ሽፋኑ ላይም በእርሳስ «ተገልብጧል፣ አይጣልም» ብላችሁ ጻፉበት።